ሐሙስ ሐሙስ በራችሁን ክፈቱልን

ለጅማ ዩኒቨርሲቲ የጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት
ኪቶ ፉርዲሳ፣ ጅማ

ግልባጭ፦ በመርካቶ፣ በፈረንጅ አራዳና በአጂፕ ለምትሠሩ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባልደረቦቼ፤ ለቡና ነጋዴዎችና ለአርሶ አደሮች

ጉዳዩ፦ ፎርጅድ (ሐሰተኛ) አይሲ፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ፣ የምንለይበት የጋራ መፈተሻ ጠረጴዛ እንዲኖረን ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ መምህራንና ተማሪዎች፣

መርካቶ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ስጠግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል። ሙያውን ያገኘሁት በክፍል ውስጥ አይደለም፤ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግኑ ከነበሩ አንድ ጋሼ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው። ዛሬ ወደ ጠረጴዛዬ የሚመጣው ስታቢላይዘር፣ ቴሌቪዥን፣ የውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ፣ ዲጂታል ሚዛን፣ አንዳንዴም ከግል ክሊኒክ የልብ ምት መከታተያ ነው። ሆዱ ሲከፈት ሁሉም ያው ነው፦ አረንጓዴ ቦርድ፣ በላዩም ጥቋቁር አይሲዎች። የምጽፍላችሁ ስለ እነዚህ ጥቋቁር ነገሮች ነው።

ኅዳር 2014 ዓ.ም. እሸት ቡና የሚገዛ አንድ ነጋዴ ሚዛኑን ተሸክሞ መጣ። ሲበራ ቁጥሩ ይዘላል፤ ምንም ሳይጫንበት 3 ኪሎ ይላል፣ ወዲያው 11 ኪሎ ይላል። ከፈትኩት። ከሥር ያለው ሴንሰር ደህና ነው። የሞተው ከሴንሰሩ የሚመጣውን፣ በቮልት ሺህኛ የሚቆጠር ደካማ ምልክት ወደ ቁጥር የሚቀይረው ባለ 16 እግር አይሲ ነው። ርዝመቱ ከአንድ የቡና ፍሬ አይበልጥም። እንዲህ ዓይነቱን አይሲ ድሮ ከአዲስ አበባ በርካሽ ነበር የማስመጣው። በዚያ ዓመት ግን ከለመድኩበት ሱቅ ጠፋ። ሌላ ሻጭ አፈላልጌ በሦስት እጥፍ ዋጋ አምስት ፍሬ አስላክሁ። አንዱን ገጠምኩ፤ ሚዛኑ ሠራ። 20 ኪሎ የብረት ድንጋይ ጫንኩበት፤ 20.00 አለ። ነጋዴው ከፍሎኝ ሄደ፤ የቡና ወቅት ነውና ይቸኩል ነበር።

በአምስተኛው ቀን ከማና ወረዳ የመጡ አንድ አባት ከነጋዴው ጋር ሱቄ ደጃፍ ቆሙ። አልተቆጡም። «ልጄ፣ እኔ ቤቴ መዝኜ ነው የመጣሁት» አሉኝ። «ጎረቤቴ ጠዋት አስመዝኖ ልክ ሆኖለታል። እኔ ፀሐይ ከበረታ በኋላ ተራ ደርሶኝ ጎደለብኝ። የሁለታችንም ቡና ከአንድ መንደር፣ በአንድ መኪና ነው የመጣው። ምንድነው ነገሩ?»

እኝህ አባት ሚዛኑን ከእኔ በተሻለ ፈትነውታል። ጠዋትና እኩለ ቀን ብለው ለይተው ነገሩኝ፤ እኔ የፈተንኩት አንድ ጊዜ ብቻ፣ በጥላ ውስጥ ነበር። ያንኑ ድንጋይ ጭኜ ሚዛኑን ደጅ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩት። መጀመሪያ 20.00። ከግማሽ ሰዓት በኋላ 19.86። ሁለት ሰዓት ሲሞላው 19.58። በ80 ኪሎ ጆንያ ላይ ስታሰሉት ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ይጎድላል። አይሲው ሲሞቅ ልኩን ይስታል፤ ዋናው አምራች የሚሠራው ግን በሙቀት እንዲህ አይዋዥቅም።

ከጎረቤት የውበት ሳሎን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ተውሼ ጥጥ ነከርኩና የቀሩትን አራት አይሲዎች ጀርባ አሸሁ። ጥጡ ጠቆረ። ጽሑፉም አብሮ ለቀቀ። በማጉያ መነጽር ሳይ ከሥር በአሸዋ ወረቀት የተፋቀ ጭረት አለ፤ በአንዱ ላይ የሌላ አይሲ ቁጥር ግማሹ ይነበባል። የአንዱን ዕቃ ስም ፍቀው፣ ጥቁር ቀለም ቀብተው፣ የሌላውን ስም ጽፈውበት ነው የሸጡልኝ።

ነጋዴው ጨዋ ሰው ነው። የአምስቱን ቀን የግዥ ደብተር ይዘን ተቀመጥን፤ ከረፋድ በኋላ የመዘኑትን ለይተን ያገኘናቸውን ሁሉ ካሳን። ግማሹን እኔ ከፈልኩ፣ ግማሹን እሱ። ያላገኘናቸው ሰባት ሰዎች ስም አሁንም ከእኔ ጋር አለ።

ይህን የምነግራችሁ ችግሩ የአንድ ሻጭ ክፋት ብቻ ስላልሆነ ነው። ያ አይሲ ለምን እንደጠፋና ፎርጅዱ ለምን ቦታውን እንደያዘ ሳጣራ ነገሩ ከጅማ እጅግ ርቆ ሄደብኝ።

እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ ሲገባ መኪና አምራቾች ገበያው ይሞታል ብለው የቺፕ ትእዛዛቸውን ሰረዙ። ቤት የተዘጋበት የዓለም ሕዝብ ደግሞ ኮምፒውተርና ስክሪን መግዛት ያዘ፤ የፋብሪካዎቹም ተራ ለዚያ ተሰጠ። መኪና አምራቾቹ ሲመለሱ ወረፋው ሞልቶ ጠበቃቸው። አንድ ቺፕ ከባዶ ዋፈር፣ ከሚታተምበት የሲሊኮን ገበታ፣ ተነስቶ እስኪታሸግ ሦስት ወርና ከዚያም በላይ ይፈጃል፤ ተቸኩሎ የሚደርስ ነገር አይደለም። በዚህ ላይ በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስን የበረዶ ማዕበል መታት፤ መብራት ሲቋረጥ ኦስቲን ያሉት የሳምሰንግ፣ የኤንኤክስፒና የኢንፊኒዮን ፋብሪካዎች ቆሙ። በማርች ጃፓን ናካ የሚገኘው የሬኔሳስ ፋብሪካ ተቃጠለ። በዚያው ዓመት ታይዋንን ክፉ ድርቅ መታት፤ የቺፕ ፋብሪካዎች ውሃ በቦቴ እስከማስቀዳት ደረሱ። በዚህ መሐል ነው የእኔ ባለ 16 እግር አይሲ የጠፋው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ስለ ቺፕ ሲወራ የሚነሳው ስለ ትንሹ፣ ስለ አዲሱ፣ ስለ ፈጣኑ ነው። በእርግጥም የሚደነቅ ሥራ ነው። ኔዘርላንድስ ፌልድሆቨን ያለው ኤኤስኤምኤል የተባለ ኩባንያ የሚሠራው የቺፕ ማተሚያ ማሽን በሰከንድ 50,000 የቀለጠ ቆርቆሮ ጠብታዎችን በሌዘር እየመታ 13.5 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው) የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን ያወጣል። ያ ብርሃን አየር እንኳ ስለሚውጠው ጉዞው ሁሉ አየር በሌለበት ክፍል፣ ከመስታወት ወደ መስታወት ነው። የአንዱ ማሽን ዋጋ ከ150 ሚሊዮን ዶላር ይበልጣል፤ በዓለም ላይ እንዲህ ያለውን ማሽን ለገበያ የሚያቀርብ ሌላ ኩባንያ የለም። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው የኢንቴል 4004 ቺፕ በውስጡ የነበሩት ትራንዚስተሮች (ኤሌክትሪክን የሚከፍቱና የሚዘጉ ጥቃቅን ማብሪያዎች) 2,300 ያህል ነበሩ፤ ኤንቪዲያ በ2022 ያስተዋወቀው ኤች100 ግን 80 ቢሊዮን አለው። ይህን ሳነብ የሰው ልጅ እጅ ደረሰበት ያልኩት ነገር ሁሉ አነሰብኝ።

ነገር ግን የእኛን ሚዛን፣ የእኛን ፓምፕ፣ የእኛን የልብ ምት መከታተያ የሚያንቀሳቅሰው ይህ አዲሱ ቺፕ አይደለም። ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት በተዘረጋ መስመር ላይ የሚመረተው፣ ሳንቲም የሚያወጣው ቺፕ ነው። በ2021 እጥረቱ አምርሮ የመታውም እሱን ነው፤ ትርፉ ትንሽ ስለሆነ ለእሱ ብሎ አዲስ ፋብሪካ ለመሥራት የሚጣደፍ ሰው የለም። በ2025 መገባደጃ ያየነው ኔክስፔሪያ የተባለው የቺፕ አምራች ጉዳይ ይህንኑ ነው የሚያሳየው። የኔዘርላንድስ መንግሥት በቻይና ኩባንያ ባለቤትነት ሥር ባለው በዚህ ድርጅት ላይ ቁጥጥሩን ሲያጠብቅ፣ ቻይና በበኩሏ እዚያ ተጠናቅቆ የሚወጣውን ምርት ወደ ውጭ እንዳይላክ አገደች። ከገበያ የጠፉት ዳዮድና ተራ ትራንዚስተር ናቸው፤ እኔ በጣሳ የማስቀምጣቸው ዓይነት። ሆንዳ ሜክሲኮ ውስጥ ያለውን የመኪና መገጣጠሚያ በዚህ የተነሳ ለጊዜው አቆመ።

አሁን ደግሞ ተራው የሜሞሪ ነው። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት የሚፈልጉትን ተደራራቢ ሜሞሪ ለማድረስ ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን መስመራቸውን ወደዚያ አዙረዋል፤ ከእነዚህ ከሦስቱ ውጭ ያለው አምራች ጥቂት ነው። የተራው ኮምፒውተር ሜሞሪ ዋጋ ሽቅብ ወጣ። ማይክሮን በዲሴምበር 2025 ክሩሻል በሚል ስም ለተራ ገዢ ይሸጥ የነበረውን ዘርፍ እንደሚያቋርጥ አስታወቀ። እኛ ጋ ደግሞ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ የብሩ ዋጋ ወርዶ በዶላር የሚገዛው ሁሉ ከብዷል። ዕቃው ሲወደድ ፎርጅዱ ይበዛል፤ ይህን አስቀድሜ እነግራችኋለሁ፤ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ።

ፎርጅድ ምን እንደሆነ በእኛው ከተማ ሥራ ልግለጸው። ዋፈር የሚሉት ክቡ የሲሊኮን ገበታ ትልቁ ስፋቱ 300 ሚሊሜትር ነው፤ የእንጀራ ግማሽ ያህል መሆኑ ነው። በላዩ ላይ በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ ቺፖች ይታተማሉ። በጅማ መጋዘኖች እናቶችና እህቶች ረድፍ ይዘው ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን ፍሬ እንደሚለቅሙት ሁሉ፣ እዚያም እያንዳንዱ ቺፕ በቀጫጭን መርፌ እየተነካ ይፈተናል። የወደቀው ይለቀማል፤ ያለፈው ተቆርጦ፣ ታሽጎ፣ እንደገና ተፈትኖ ይሸጣል። ፎርጅድ ሻጭ የሚሰጠን አንዳንዴ ያንን ተለቅሞ የተጣለውን ነው። አንዳንዴ ከአሮጌ ቦርድ በእሳት ተነቅሎ የታጠበውን ነው። አንዳንዴ ደግሞ፣ እኔ እንደደረሰብኝ፣ ርካሹን በውድ ስም ነው። ቡናን ቀምሶና አሽትቶ ደረጃ የሚያወጣ ባለሙያ በዚህ ከተማ ሞልቷል። የአይሲ ቀማሽ ግን የለንም። ወደ እናንተ የመጣሁት ለዚህ ነው።

የምጠይቃችሁ የቺፕ ፋብሪካ አይደለም። አንዳንድ ወጣቶች ሱቄ መጥተው «ጅማ ላይ ለምን አንተክልም?» ይሉኛል፤ ፍላጎታቸውን እወደዋለሁ። ነገር ግን አንድ ዘመናዊ ፋብሪካ ከ10 እስከ 20 ቢሊዮን ዶላርና ከዚያም በላይ ይጠይቃል፤ መብራት ለቅጽበት ብልጭ ካለ መስመር ላይ ያለው ዋፈር ይበላሻል። እኛ ሰፈር መብራት ሄዶ ሲመጣ ስንት ስታቢላይዘር እንደሚቃጠል እኔ አውቃለሁ፤ ዳቦዬ ከዚያ ነው። ታይዋንም በፋብሪካ አልጀመረችም፤ በሰው ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ1976 ወጣት መሐንዲሶቿን ሥራውን እንዲማሩ አሜሪካ አርሲኤ ወደሚባል ኩባንያ ላከች። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ቺፕ አምራች ቲኤስኤምሲ በሞሪስ ቻንግ የተመሠረተው ከዚያ 11 ዓመት በኋላ፣ በ1987 ነው። ማሌዥያ ፔናንግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1972 ኢንቴል ሲገባ የተጀመረው ቺፕ በእጅ በመገጣጠም ነበር፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ዓለም ቺፑን የሚያሳሽግበትና የሚያስፈትንበት ትልቅ ሰፈር ሆናለች። መፈተን ትንሽ ሥራ አይደለም። ሙያው የሚገባበት በር እሱ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ገበያ ነውና ከየወረዳው ሰው በሚመጣበት ሐሙስ፣ አንድ ክፍል ክፈቱልን። በክፍሉ ማይክሮስኮፕ፣ የኤሌክትሪክ ምልክትን በስክሪን የሚያሳይ ኦሲሎስኮፕ፣ የአይሲውን እግሮች አንድ በአንድ የኤሌክትሪክ ጠባያቸውን ከኦሪጅናሉ ጋር የሚያወዳድር መሣሪያ፣ የሚቆጣጠሩት ሙቀት ያለው ትንሽ ሳጥን ይበቃል። እኔ ሚዛኑን ፀሐይ ላይ አስቀምጬ ያየሁትን እናንተ በሳጥኑ ውስጥ በሃያ ደቂቃ ታዩታላችሁ። ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ከታወቀ አከፋፋይ የተገዛ ኦሪጅናል ናሙና ነው፤ አንድ ፍሬ ኦሪጅናል ከጎኑ ከሌለ ፎርጅዱን በምን እናመዛዝነዋለን? በከተማው የምንጠግነውን ስንቆጥር ሥራውን የሚሸፍኑት ከስልሳና ሰባ ዓይነት አይሲ አይበልጡም። ዝርዝሩን እኔና ባልደረቦቼ እናዘጋጃለን።

ሁለተኛው ነገር ግዥ ነው። እኔ አምስት ፍሬ ስፈልግ የታወቀው አከፋፋይ አይሸጥልኝም፤ የምከፍልበት ዶላርም ካርድም የለኝም። ሻጩ ፎርጅድ የሚያቀርብልን ይህን ስለሚያውቅ ነው። ኢንስቲትዩቱ የሃያ ሱቆችን ፍላጎት ሰብስቦ በዓመት ሁለት ጊዜ በስሙ ቢያዝልን፣ ብሩን ቀድመን እንከፍላለን። ወረቀቱ ከባድ እንደሚሆን ይገባኛል። አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሩት፤ ከቡና ወቅት በፊት፣ ነሐሴ ላይ።

ሦስተኛው ስለ ተማሪዎቹ ነው። ዩኒቨርሲቲያችሁ የሚታወቀው ተማሪን ወደ ማህበረሰቡ በማውጣት ነው፤ የሕክምና ተማሪዎቻችሁ በየቀበሌው ቤት ለቤት ሲዞሩ እናያለን። የኤሌክትሪክና የባዮሜዲካል ምህንድስና ተማሪዎችን ለሁለት ሳምንት ወደ እኛ ጠረጴዛ ላኩልን። በመጽሐፍ የሚያውቁትን አይሲ ተቃጥሎ፣ ዝጎ፣ በረሮ ገብቶበት ያዩታል። እኛም ከእነሱ ዳታሺት፣ የአምራቹን የአይሲ መግለጫ ሰነድ፣ ማንበብ እንማራለን። እውነቱን ልናገር፦ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድን ዳታሺት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነበብኩት ያ ሚዛን ከተመለሰብኝ በኋላ ነው። በሙቀት የሚፈቀደው መዋዠቅ ስንት እንደሆነ እዚያው፣ በሰንጠረዡ ላይ ተጽፎ ነበር።

ከዚያ አልፈው ራሳቸው ቺፕ ለመንደፍ ለሚጓጉትም መንገዱ እንደ ድሮው ዝግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ጎግልና ስካይዋተር 130 ናኖሜትር የሚባለውን የቺፕ ማምረቻ መስመር የንድፍ ሕግጋት ለሁሉም በነፃ ለቀቁ። ታይኒ ቴፕአውት የሚባለው ሥራ ደግሞ የብዙ ሰዎችን ትንንሽ ንድፍ በአንድ ቺፕ ላይ አከራይቶ ያሳትማል፤ አንድ ተማሪ በጥቂት መቶ ዶላር የራሱን ንድፍ በሲሊኮን ላይ ታትሞ በእጁ ሊይዘው ይችላል። እንቅፋት የለውም አልልም፤ ሥራውን ያስተባብር የነበረው ኢፋብለስ በ2025 መጀመሪያ ሲዘጋ የብዙ ተማሪዎች ቺፕ መንገድ ላይ ቀርቶ ነበር። ኋላ በጀርመኑ አይኤችፒ መስመር ሥራው ቀጠለ። ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ ኒዬሪ ላይ፣ በዴዳን ኪማቲ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የሴሚኮንዳክተር ሥራ የጀመረ ኩባንያ አላት። ኒዬሪም እንደ ጅማ የቡና አገር ናት።

ከእናንተ አንዱ የሚዛን አይሲ ቢነድፍስ ብዬ አስባለሁ። ፈጣን መሆን አያስፈልገውም፤ ትንሽ መሆንም አያስፈልገውም። 130 ናኖሜትር ለእሱ ከበቂ በላይ ነው። ጠዋት በጭጋግም፣ እኩለ ቀን በፀሐይም 20 ኪሎውን 20 ይበለን።

በበኩሌ የማመጣውን ልንገራችሁ። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ያጠራቀምኳቸው 43 ፎርጅድ አይሲዎች በትንንሽ ፖስታ ውስጥ አሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ የተገዛበት ወር፣ የተገጠመበት ዕቃና ያሳየው ጥፋት ተጽፏል። የሻጮቹን ስም አላመጣም፤ አንዳንዶቹ እንደ እኔው ተታለው የሸጡ ናቸው። ያ ሚዛንም ከእኔ ጋር ነው፤ ነጋዴው ሌላ ገዝቶ እሱን ለማስተማሪያ ትቶልኛል። 20 ኪሎውን ድንጋይም እጨምራለሁ። በሩ በሚከፈትበት የመጀመሪያው ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ባጃጅ ይዤ ኪቶ ፉርዲሳ በር ላይ እገኛለሁ፤ ዕቃው ከባድ ነውና ለጥበቃዎቹ ቀደም ብላችሁ ንገሩልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያ
መርካቶ፣ ጅማ
2018 ዓ.ም.